ከላይ የሚደረብ፣ ከሥር የሚነጠፍ

ቤት ውስጥ የሚበርደው ብርድና መኪና ውስጥ የሚበርደው ብርድ አንድ አይደሉም። የጭቃም ሆነ የብሎኬት ግድግዳ ቀን የጠጣውን ፀሐይ አቆይቶ ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። ቆርቆሮ እንዲህ ያለ ውለታ አያውቅም። ጀምበር ስትጠልቅ አብሮ ይቀዘቅዛል፤ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ውጭ ያለው ቁር እንዳለ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ የሚቀረው ነፋሱ ብቻ ነው። የመኪና አልጋ ደግሞ ከሥሩ ክፍት የሆነ ሳንቃ ስለሆነ ብርዱ ከላይም ከታችም ይመጣል። ስለዚህ ካምፐር ገዝቶም ሆነ ራሱ ሠርቶ መንገድ የሚወጣ ሰው ስለ ሞተሩና ስለ ጎማው የሚጨነቀውን ያህል ስለ ብርድ ልብሱ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። እኔ እንዲያውም ጎማውን ሁለተኛ ነው የማደርገው።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ዴንቨር ጥግ፣ ኦሮራ ነው። ኤርፖርት መንገደኛ ሳመላልስባት የነበረችውን ቫን ሥራ ስቀይር አልሸጥኳትም፤ ወንበሮቿን ነቅዬ፣ ወለሏን በሳንቃ ለብጬ፣ ከኋላ አልጋ፣ ከጎን ምድጃ ሠራሁባት። ፖርትላንድ ላይ የእህቴ ልጅ ክርስትና ነበረና በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት የማይሞላውን መንገድ በዝግታ ልንነዳው ተነሳን፤ ዋዮሚንግን አቋርጠን፣ በአይዳሆ በኩል ወደ ኦሪገን። ጊዜው ጥቅምት ነው። አገር ቤት «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባልበት ወር፤ ዋዮሚንግ ላይ ደግሞ አጥንቱ ውጭ ቢያድር ፍሪጅ የማያስፈልገው ወር።

በኢንተርስቴት 80 ላይ ከፍተኛው ቦታ ሻየንና ላራሚ መካከል ያለው ሸርማን ሰሚት ነው፤ 2,633 ሜትር። ደብረ ብርሃን ከዚያ በ200 ሜትር ገደማ ትበልጣለች። ነገሩ በከፍታ ብቻ የሚለካ ቢሆን ኖሮ እኛ ደገኞቹ ማንንም ባልፈራን ነበር። ነገር ግን ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ ወደ 10 ዲግሪ ስትርቅ ላራሚ 41 ዲግሪ ላይ ናት። እኛ አገር ሌሊት የወረደ ውርጭ ረፋድ ላይ ይረሳል። እዚያ ሌሊቱ ይረዝማል፣ ፀሐይዋም ዘግይታ ወጥታ ዝቅ ብላ ታልፋለች። በዚያ ላይ ነፋሱ አለ። የዋዮሚንግ ነፋስ ባዶ ተሳቢ ይገለብጣል፤ ለማጋነን አይደለም፣ በነፋሱ ቀን ቀላልና ረጃጅም መኪኖች እንዳያልፉ የሚከለክል ሰሌዳ መንገዱ ላይ ይበራል።

«ማሞቂያ የላችሁም እንዴ?» ይሉናል። አለን፤ አብርተነው ግን አንተኛም። ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣበት ቱቦ የሌለው የጋዝ ማሞቂያ ከሙቀቱ ጋር ሁለት ነገር ይሰጣል። አንደኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛ ሰው አይነቃበትም። ከሰል ቤት አስገብተው ያደሩ ሰዎች ታሪክ በየሰፈራችን ስለሚታወቅ ይህን ለሐበሻ ማብራራት አያስፈልግም፤ ማስጠንቀቂያውን ገዝቶ ከራስጌ መስቀል ብቻ ነው። ሁለተኛው ውሃ ነው። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ ከአንድ ኪሎ ተኩል የሚበልጥ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣዋል። እንፋሎቱ መሄጃ የለውም፤ ቀዝቃዛ መስታወትና ቆርቆሮ ሲያገኝ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። የሁለት ሰው ትንፋሽ ሲጨመርበት ጠዋት መስኮቱ ያለቅሳል፣ የፍራሹ ጥግ ይርሳል፣ ትራሱ ይቀዘቅዛል። መኪና ውስጥ የሚያድር ብርድ ልብስ ዋነኛ ጠላቱ እንግዲህ ይህ እርጥበት ነው።

በዚህ ሚዛን ጋቢ ይወድቃል። ይህን በማለቴ የሚቀየመኝ እንደሚበዛ አውቃለሁ። አራት ድርብ ሆኖ የተሸመነ ጥጥ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ለደጋ ምሽት የሚበቃ ነው፤ እሳት ዳር ተቀምጦ ለማውጋት ከጋቢ የሚሻል ነገር አላገኘሁም። ጥጥ ግን ውሃ ካገኘ አይለቅም። አየር የነበረበትን ቦታ ውሃ ይወስደዋል፣ የገላን ሙቀት ይመጠዋል፣ ለመድረቅም ሙሉ ቀን ፀሐይ ይፈልጋል። መንገደኛ ደግሞ ጋቢ አስጥቶ የሚቀመጥበት ቀን የለውም። ስለዚህ የእኔ ጋቢ ከወንበሩ ጀርባ ትሰቀላለች እንጂ አልጋ ላይ አትወጣም።

ነብር የተሳለበት ወፍራም ብርድ ልብስስ? ከጅዳና ከቤይሩት በሻንጣ ታጭቆ የገባው፣ ሙሽራ የተሸለመበት፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ከቁም ሳጥን የሚወርደው? ለስላሳ ነው፣ ያሞቃልም። ነገር ግን አክሪሊክ ወይም ፖሊስተር ስለሆነ እንፋሎት አይጠጣም። ተራ እርጥበት ባለው አየር ውስጥ ሱፍ ከክብደቱ 16 በመቶ ያህል፣ ጥጥ 8 በመቶ ያህል ውሃ ሲይዙ ፖሊስተር አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። የተኛው ሰው ላብ ታዲያ በገላውና በነብሩ መካከል ይቀራል። ሌላም አለ። ምድጃው ከአልጋው አንድ ክንድ በራቀበት መኪና ውስጥ ፖሊስተር ያሰጋኛል፤ 260 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፣ የቀለጠውም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሱፍ አይቀልጥም። እሳት የሚይዘው ወደ 600 ዲግሪ ሲጠጋ ነው፤ ከነበልባሉ ሲርቅም ብዙውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል።

ሱፍ ይህን ሁሉ የሚችለው በተፈጥሮው ነው። ከብርድ ልብሱ ጫፍ አንዲት ዘለላ ጎትቶ ወደ ብርሃን ያነሳ ሰው ቀጥ ብላ እንደማትሄድ ያያል፤ እየተጠማዘዘች፣ እየዞረች ነው የምትሄደው። ጠጉሮቹ ተደፍጥጠው እንዳይጣበቁ የሚያደርጋቸው ይህ መጠማዘዝ ነው። በመካከላቸው አየር ይቀራል፣ ሰውን የሚያሞቀውም ያ የታሰረ አየር ነው። የጠጉሩ ላይኛ ቅርፊት ጠብታን ይገፋል፣ ውስጡ ግን እንፋሎትን ይጠጣል፤ ከክብደቱ 30 በመቶ ድረስ ጠጥቶ እንኳ ሲዳብሱት እርጥብ አይመስልም። እየጠጣም ጥቂት ሙቀት ይለቃል። በጎች ይህን የተሰጣቸው ለእኛ ሲባል አይደለም፣ እነሱም ዝናብና ውርጭ ላይ ያድራሉ።

ላራሚን አልፈን ወደ ሮሊንስ ስንቀርብ ሜዳው ይሰፋል። ዛፍ የለም፤ እስከ አድማስ አመድማ ቁጥቋጦ ነው። እዚህ አገር ካምፐር ሲባል የሚታሰበው ፍሪጅና ቴሌቪዥን ያለው ትልቅ ነጭ መኪና ነው፤ ቀደምቱ ግን የበግ እረኛ ጋሪ ነው ብል ዋዮሚንጎች የሚከራከሩኝ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1884 ሮሊንስ ውስጥ የነበረ ጄምስ ካንድሊሽ የተባለ አንጥረኛ የመጀመሪያውን የእረኛ ጋሪ እንደሠራ ይነገርለታል። ነገሩ ቀላል ነው፤ በፈረስ የሚጎተት ጋሪ፣ በላዩ የተቀለበሰ እንጨትና ሸራ። ግን ውስጡን ላየው ሰው የቤት ሥራ ያለቀበት ነው። በሩ ከላይና ከታች ለየብቻ ይከፈታል፤ እረኛው የታችኛውን ዘግቶ በላይኛው ፈረሶቹን ይነዳል። እንደገቡ በስተቀኝ የብረት ምድጃ። በሁለቱ ጎን መደብ፣ ከመደቡ ሥር ዕቃ ማስቀመጫ። ከኋላ በኩል ከጎን እስከ ጎን የተዘረጋ አልጋ፣ ከአልጋው ሥር የሚሳብ ጠረጴዛ፣ ከራስጌው ትንሽ መስኮት። የዛሬዎቹ ካምፐሮች ከዚህ አሠራር ብዙም አልራቁም። የእኔዋም ቫን ያው ናት።

ጋሪዎቹ ሙዚየም ግቢ ውስጥ ብቻ የቀሩ መስለውኝ ነበር። ከሮሊንስ ወጣ ብለን ለምሳ በቆምንበት ጥርጊያ መንገድ ዳር ግን የጎማ እግር የተገጠመላት፣ ሸራዋ በቆርቆሮ የተተካ አንዲት ጋሪ ቆማ፣ ከጭስ ማውጫዋ ጭስ ይወጣል። መንጋው ከበላይዋ ተበትኗል። ሁለት ትልልቅ ነጭ ውሾች ከበጎቹ መካከል ተነስተው ገላመጡንና ተመልሰው ተኙ። እረኛው ፔሩዋዊ ነው። የዋዮሚንግን በግ በየዘመኑ ባስኮችም፣ ስኮቶችም፣ ሜክሲኮዎችም ጠብቀውታል፤ ዛሬ ከፔሩ ተራራ በጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ የሚመጡ ሰዎች ይበዛሉ። የኤርፖርት ሥራዬ ያስተማረኝ ስፓኒሽ ቡና ለመጠጣት በቃ። አገሩ ሁዋንካዮ አካባቢ መሆኑን ነገረን፤ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ባለቤቴ የመንዟ መሃል ሜዳም ያንኑ ያህል መሆኗን ስትነግረው በእጁ የብርድ ምልክት አሳይቶ ሳቀ።

ዓይኔ ግን አልጋው ላይ ነበር። ከላይ የተነጠፈው ነብር ነው! የእኛው ነብር፣ አንድ ዓይነት ቢጫ፣ አንድ ዓይነት አስተያየት። ሜክሲኮ ውስጥ ሳን ማርኮስ የሚባለው የዚህ ዓይነቱ ብርድ ልብስ በላቲኖች ቤት ያለው ክብር በእኛ ቤት ካለው አያንስም። ነብሩን ገለጥ አደረገልን። ከሥሩ ሁለት ግራጫ የሱፍ ብርድ ልብስ አለ፣ ዳር ዳራቸው የተተለተለ። ከእነሱ ሥር ፍራሽ፤ በፍራሹና በብርድ ልብሱ መካከል ደግሞ ጠጉሩ ወደ ላይ የሆነ የበግ ቆዳ፣ ሁለት ሆኖ የተሰፋ። ባለቤቴ «አጎዛ!» ብላ ጮኸች። ሰውየው ነብሩን መታ መታ አድርጎ «ይሄ ለዓይን ነው» አለ፤ ቆዳውን ነክቶ «ይሄ ለብርድ።»

ባለቤቴ የመንዝ ልጅ ናት። ከኦሮራ ሳንነሳ በፊት እናቷ የሰጧትን ዝተት፣ የመንዙን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ከቁም ሳጥን አውርዳ «ይሄ ከሥር ነው የሚነጠፈው» ብላ ወስና ነበር። እኔ ይህን የመሰለ ነገር እንዴት ይተኛበታል፣ ከላይ ይሁን እንጂ ብዬ ተከራክሬያለሁ። ምክንያቷን ግን እረኛው ዘንድ ካየሁት በኋላ መድገም አላስፈለጋትም። የተኛ ሰው ክብደት ከሥሩ ያለውን ፍራሽ ይጫነዋል፣ አየሩንም ያስወጣዋል፤ አየር የሌለው ስፖንጅ ብርድ አይመልስም። ሻካራና ጠንካራ ሱፍ ግን ሲጫኑት በቀላሉ አይሞትም። ስለዚህ ለስላሳው ከላይ፣ ሻካራው ከታች። ብርድ ልብስ ለመግዛት ሱቅ የሚገባ ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለሚደርበው ነው፤ ስለሚያነጥፈው የሚያስብ ግን ብዙም አላየሁም።

ያን ዕለት ማታ እዚያው መንጋው አጠገብ ሳለን እናቷ ደወሉ።

«መኪና ውስጥ ነው የምታድሩት አሉ?»

«አዎ እማማ፤ ደህና ነን፣ አያስቡ።»

«እንዴት አላስብ ልጄ! ብረት አይደለም እንዴ? ከሥራችሁ ምን አነጠፋችሁ?»

«የሰጡንን ዝተት።»

«ዝተቱስ ይሁን፤ አጎዛ የላችሁም?»

የለንም አልኳቸው። ዝም አሉ። እዚያ አገር በግ የለም ወይ ብለው ሊጠይቁኝ እንደሆነ ገብቶኝ ወሬውን ወደ ክርስትናው አዞርኩት። ከመስኮታችን ውጭ እኮ አንድ ሺህ በግ ሳይኖር አይቀርም።

ዝተቱን ላላየው ሰው ልንገረው። ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር ነው፤ ቀለም አልነካውም፣ የበጎቹ የራሳቸው ቀለም ነው። መሃሉ ላይ ሁለቱ ጨርቆች የተጋጠሙበት ስፌት በወፍራም ክር ይሄዳል። ማጉ የጣት ያህል ባይሆንም ለዓይን ከሩቅ ይታያል፤ ሴቶቹ በእንዝርት የፈተሉት ስለሆነ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይሳሳል። የመንዝ በግ ጠጉሩ ሻካራ ነው። መንግሥት ይህን ለማሻሻል ብሎ ደብረ ብርሃን ላይ ከአዋሲና ከኮሪዴል በጎች ጋር ሲያዳቅል ኖሯል፤ የከተማዋ ብርድ ልብስ ፋብሪካም ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የስንቱን አዳሪ ተማሪና ወታደር አልጋ አልብሷል። ዝተቱ ግን ከፋብሪካ በፊትም ነበር። ሲከብድ እንደ እርጥብ ሰንጋ ቆዳ ይከብዳል። ርጥበት ሲያገኝ ደግሞ የጋጣ ሽታ ያወጣል፤ ይህ ከበጉ የቀረው ቅባት፣ ላኖሊን የሚሉት ነው። ባለቤቴ ይህን ሽታ ትወደዋለች። እኔ አንሶላ እደርብበታለሁ።

መኮስኮሱ የጠጉሩ ውፍረት ጉዳይ ነው። ከ30 ማይክሮን በላይ የወፈረ ጠጉር ጫፉ ሲነካ አይታጠፍም፤ ቆዳን ይወጋል። ሜሪኖ የሚባለው በግ በአብዛኛው ከ24 ማይክሮን በታች ስለሆነ ለአንገትና ለፊት ይስማማል። ሱፍ አለርጂ አለብኝ የሚሉ ብዙ ሰዎች የሚሸሹት ይህንኑ መወጋት ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ አንሶላውን ጎትቶ በብርድ ልብሱ ጠርዝ ላይ መቀልበስ ነው፣ እናቶቻችን ሲያደርጉት እንደኖሩት።

ስለ አይዳሆ ብዙ የምለው የለም። ስኔክ ወንዝን ተከትለን ነዳን፣ ድንች ጭነው የሚሄዱ መኪኖች ቀደሙን፣ ቦይሲ ላይ እንጀራ የያዘ ሱቅ አግኝተን ተደሰትን። ኦሪገን ገብተን ብሉ ማውንቴንስ የሚባለውን ተራራ በጥድ ደን መካከል አልፈን በጠመዝማዛው ቁልቁለት ስንወርድ ነው ፔንድልተን ከታች የታየችን።

ከተማዋን ያስጠራት ሁለት ነገር ነው። አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ በየመስከረሙ የሚደረገው የፈረስ ግልቢያ ትርኢት፣ ሌላው የሱፍ ፋብሪካው። ፋብሪካው በ1893 ጠጉር ማጠቢያ ሆኖ ተጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶ ብርድ ልብስ መሸመን ያዘ፤ ከዚያ ተዘግቶ በ1909 የቢሾፕ ወንድማማቾች እንደገና ከፈቱት። የመጀመሪያ ገበያው ቱሪስት አልነበረም። ከከተማዋ በስተምሥራቅ የሚኖሩት የዩማቲላ፣ የካዩስና የዋላ ዋላ ሕዝቦች ነበሩ፤ ከእነሱም አልፎ የሌሎች የአገሬው ነገዶች። ለእነዚህ ሕዝቦች ብርድ ልብስ እስከ ዛሬ የክብር ስጦታ ነው፤ ልጅ ሲወለድ፣ ሙሽራ ስትዳር፣ ሰው ሲሞት ይሰጣል፣ ይደረባል፣ አብሮም ይቀበራል። ትከሻ ላይ የሚደረብበትን ሁኔታ ያየ ሰው አገሩን ማስታወሱ አይቀርም።

ፋብሪካው ውስጥ የሚፈተለውና የሚሸመነው ጨርቅ ለማጠናቀቂያ የሚሄደው ዋሽንግተን ግዛት፣ ዋሾጋል ወዳለው ሌላኛው ፋብሪካ ነው። ብርድ ልብስን ብርድ ልብስ የሚያደርገው ይህ የመጨረሻው ሥራ ነው ባይ ነኝ። ከመሸመኛው የወረደ የሱፍ ጨርቅ ልል ነው፣ በድርና ማጉ መካከል ብርሃን ያሳልፋል። በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲወቀጥ የጠጉሮቹ ቅርፊት እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ጨርቁ ይኮማተራል፣ ይጠብቃል። ከዚያ ላዩ በሽቦ ጥርስ ተበጥሮ ይነሳል። ገዢ ሊመረምረው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ብርድ ልብሱን ወደ መብራት አንስቶ ማየት፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ከታየ ነፋስ ያስገባል። ጨብጦ መልቀቅ፤ ቶሎ ከተነፋ ሕያው ነው፣ እንደተጨማደደ ከቀረ ከአሮጌ ጨርቅ ተፍቆ እንደገና የተፈተለ አጭር ጠጉር ነው። በጣት ማሸት፤ ብናኝ ከወጣው መኪና ውስጥ ሾርባችን ላይ መግባቱ አይቀርም። መለያ ወረቀቱንም ማንበብ ነው። ሥዕል የበዛባቸው ጥለት ያላቸው ብርድ ልብሶች ድራቸው ጥጥ፣ ማጋቸው ሱፍ ነው፤ ለሶፋ ያማሩ ናቸው፣ ለሸክምም ለዓይንም አይከብዱም። እርጥብ መኪና ውስጥ ግን እኔ ሙሉ ሱፍ እመርጣለሁ።

ባለቤቴ ነጩ ላይ ቆማ ቀረች። ግላሲየር ፓርክ የሚባለው ነው፤ ንጹሕ ነጭ ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ጥቁር ሰንበር። ዋጋው ከ200 ዶላር በላይ ነው። እኔ ስለ ዋጋው ምንም አልተናገርኩም፤ ስለ ሽሮው ብቻ ነው የተናገርኩት። ሽሮ በሚንተከተክበት፣ ከምድጃው እስከ አልጋው አንድ ክንድ በሆነበት ቤት ነጭ ብርድ ልብስ ምን ይሆናል? አሰበችና ወደ መደብሩ ጥግ ሄደች። እዚያ የሽመና ጉድለት ያለባቸው በቅናሽ ይሸጣሉ። ጥቁር ግራጫ፣ አንድ ጥግ ላይ ማጉ የተዘለለ፣ ወፍራም ያልሆነ ግን የጠበቀ ሙሉ ሱፍ መርጣ አመጣች። ሁለት ወሰድን።

ሁለት ቀጫጭን ከአንድ ወፍራም ይሻላል። በመካከላቸው ሌላ አየር ይያዛል፤ ሌሊቱ ለስለስ ካለ አንዱ ይገፈፋል፤ አንዱ ከረጠበ ሌላው አለ። ስፋቱም ልክ ይኑረው። ቤት ውስጥ ትልቅ ብርድ ልብስ ምቾት ነው፤ መኪና ውስጥ ግን የተረፈው ዳር ቆርቆሮውን እየነካ ከግድግዳው የሚወርደውን ውሃ ሲጠጣ ያድራል። እኛ ከአልጋው ስፋት በአንድ ስንዝር ብቻ የሚተርፈውን ነው የያዝነው፤ እሱንም ከፍራሹ ሥር እንቀረቅረዋለን።

ከፔንድልተን ወጥተን ኮሎምቢያ ወንዝን ይዘን ስንሄድ አንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ገባን። የወታደር ግራጫ ብርድ ልብስ ተከምሯል፣ ዋጋው የአዲሱን ሩብ አይሞላም። አንዳንዱ የእውነት ሱፍ ነው፣ አንዳንዱ ግማሹ ናይለን። የሚለየው በክብሪት ነው፤ ሱቅ ውስጥ ክብሪት መጫር ነውር ስለሆነ አንዱን ገዝቼ ከደጅ ዳሩን ነጭቼ ለኮስኩት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል፤ ሰው ሠራሽ ከሆነ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ሆኖ ይቀራል። የእኔው አብዛኛው አመድ፣ ጥቂቱ ዶቃ ሆነ። ለጎማ መቀየሪያ፣ ለሽርሽር ምንጣፍ ይሆናል፤ ሰባ በመቶ ሱፍም ቢሆን ሱፍ ነው።

በዚያው ሱቅ ግድግዳ ላይ አራት ሰንበር ያለው የሃድሰን ቤይ ብርድ ልብስ ተሰቅሎ ነበር። ከ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እንግሊዝ አገር እየተሸመነ ካናዳ ውስጥ በአውሬ ቆዳ ሲለወጥ የኖረው ነው። ጠርዙ ላይ የተሸመኑት አጫጭር ጥቁር መስመሮች የብርድ ልብሱን መጠን ሳይዘረጉት ይናገራሉ። ብዙ ሰው ዋጋው ስንት የቢቨር ቆዳ እንደሆነ የሚያሳዩ ይመስሉታል፤ አይደለም፣ መጠኑን ነው የሚነግሩት። ኩባንያው ሱቆቹን በ2025 ከዘጋ ወዲህ አሮጌዎቹ ዋጋቸው ሰማይ ወጥቷል፣ ይኸኛውም የእኔን የወር ቤንዚን ያህል ተጠይቆበታል። ዳበስኩት። የጠበቀ፣ የከበደ፣ ጥሩ ሱፍ ነው። የሚገዛው ሰው ግን ግድግዳ ላይ እንጂ ገላው ላይ አያደርገውም፤ ለብርድ የተሸመነ ነገር ሥዕል ሆኖ ሲቀር ያናድደኛል።

ፖርትላንድ ዝናብ ነበር። ክርስትናው ደርሶ፣ ሰው በየቤቱ አልጋ ሲሰጠን፣ እኛ ደጅ ቫናችን ውስጥ ካላደርን ብለን እህቴን አስቀየምናት። ማታ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ አደረ። ጠዋት መስኮቶቹ እንደልማዳቸው አለቀሱ፤ ላይኛው ብርድ ልብስ ጠርዙ ላይ ጤዛ አቁሯል፣ አራገፍኩት፣ ከሥሩ ደረቅ ነው። ሱፍን ብዙ ማጠብ አያስፈልግም። ቀን በሩን ከፍቶ ማናፈስ፣ ፀሐይ ሲገኝ ማስጣት፣ የፈሰሰበትን ቦታ ብቻ በቀዝቃዛ ውሃ መጥረግ ይበቃዋል። ማጠቢያ ማሽን ውስጥ በሙቅ ውሃ የገባ ብርድ ልብስ ለሕፃን አልጋ ሆኖ ይወጣል።

ሱፍ የሚፈራው አንድ ፍጥረት አለ፤ ብል። ክፉው የምትበረው ሳትሆን ትሉ ነው፣ ጠጉር ይበላል፣ ላብና የምግብ ፍርፋሪ የነካውን ደግሞ ያስቀድማል። ሽሮ የነካው ብርድ ልብስ ለእሱ ድግስ ነው። በጋ ሲገባ ብርድ ልብሱን አጽድቶ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ከሳምንት በላይ ማቆየት እንቁላሉንም ትሉንም ይገድላል፤ ከዚያ በደንብ የሚዘጋ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ፍሪዘራችንን ከፍታ አሳየችኝ። እናቷ የላኩት በርበሬ፣ ከሱ በታች በርበሬ፣ በጎን ሚጥሚጣ፣ ከላይ እንጀራ።

«ብሉ ይብላው እንጂ በርበሬዬን አላወጣም» አለች።

ስለዚህ ዝተቱ ግንቦት ሲመጣ የጎረቤታችንን ፍሪዘር ይከራያል። ኪራዩ አንድ ኪሎ በርበሬ ነው።